ያልተጠረገ ማሳ ፍለጋ ከዲላ እስከ ሬኮ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ዲላ

መናኸሪያው ገና አልሞላም። የይርጋጨፌው ሚኒባስ ሹፌር ከማል የፊት መስታወቱን በአሮጌ ጋዜጣ እየወለወለ ነው። መኪናውን ከጨርቅ ሱቃችን ጀርባ ስለሚያሳድር በደንብ ያውቀኛል።

«እትዬ አስቴር፣ ሱቁን ይዘሽው ወጣሽ እንዴ?» አለኝ ቦርሳዬን አይቶ።

ቦርሳው እውነትም ከብዷል። ሁለት ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ ጃንጥላ፣ የጭቃ ቦት ጫማ፣ ውኃ፣ ማሳቸውን ለሚያሳዩኝ ለአቶ በራሶ ሚስት የሚሰጥ ሻሽ ይዣለሁ። ሁለት ስልክ የያዝኩት አንዱ እምቢ ቢል ብዬ ነው። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ሁለቱም ሙሉ መሆናቸውን ሁለቴ አይቻለሁ።

ጉዞው የልጄ ጉዳይ ነው። ምሕረት ጃፓን አገር እርሻ ስትማር ሁለት ዓመቷ ነው። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ አስተማሪዋ በእኔ ስልክ የጌዴኦን የቡና ማሳ ታያለች። ካሳመናት ምሕረት ጥናቷን እዚህ እንድትሠራ ትፈቅድላታለች፣ ልጄም ለአሥር ወር አገሯ ትገባለች። ካላሳመናት እዚያው የመንደሪን እርሻ ላይ ትሠራለች፣ ሌላ ሁለት ዓመት አላያትም። ሌላ ሁለት ዓመት መቻሉን እችለዋለሁ። መቻል ባይኖርብኝ ግን ደስ ይለኛል።

የእኛና የእነሱ ሰዓት ለመያዝ ቀላል ነው። እኛ ጋ ከቀኑ ስድስት ሲል እነሱ ጋ ከምሽቱ ስድስት ይላል። አሁን እኔ በንጋቱ 12 ሰዓት ስነሳ ልጄ ጋ እኩለ ቀን 12 ሰዓት ነው። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ የቤታችንን ሰዓት እያየሁ በላች፣ ተኛች እላለሁ።

መኪናው ሳይነሳ የድምፅ መልእክት ገባ። «እማ፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ተራራ ወጥተናል። አስተማሪያችን ስልሳ አልፏታል፣ ግን ከሁላችንም ፊት ናት። አሁን ቅጠሉ የሚረግፍበት ጊዜ ስለሆነ ዛፉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ሆኗል። ሰዉ ይህን ለማየት ከየከተማው በባቡር ይመጣል።»

ከማል ሰምቶ ሳቀ። «ቅጠል ለማየት ትኬት ይቆርጣሉ? እኛ ጋ ቢመጡማ መመለሻ አያገኙም!»

እኔ የጠየቅኳት ሹራብ መልበሷንና ምን እንደበላች ነበር። ሹራብ ለብሳለች። የበላችው በባሕር ሣር የተጠቀለለ ሩዝ ነው።

1 ሰዓት ከሩብ፤ ወናጎን አልፈን

መንገዱ ወደ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። በግራ በቀኝ እንሰት፣ ከእንሰቱ መሀል ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛና ብርብራ። ኅዳር ነውና ቡናው ቀልቷል። ቅርጫት ያዘሉ ሴቶች የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ይሄዳሉ። የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ዙሪያ ለቃሚዎች ተደርድረዋል፣ ከመኪናው ውስጥ ሻሻቸው ብቻ ይታያል።

በመስኮቱ እያየሁ ልጄ የምትልክልኝን አስባለሁ። ያለፈው ሳምንት ስኳር ድንች ቁፋሮ ሄደው ነበር። እዚያ ይህ እንደ ሽርሽር ነው፤ ሕፃናት ከመዋለ ሕፃናት በአውቶቡስ መጥተው ይቆፍራሉ። ምሕረት በአንድ ጊዜ ሙሉ ሐረጉን ስትነቅል አጨበጨቡላት። «እናቴ ናት ያስተማረችኝ አልኳቸው» ብላለች። ያስተማርኳትስ እኔ ነኝ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፣ አልጋ የለም፤ ፍራሹን ጠዋት አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ታስገባለች። ትምህርት ቤት የምትሄደው በብስክሌት ነው፣ በዝናብም ጭምር። ቆሻሻ የሚጣለው በቀን በቀኑ ነው፤ የወረቀት ቀን አለ፣ የጠርሙስ ቀን አለ። አንድ ጊዜ ቀኑን ብትስት ጎረቤቷ የሆኑት አሮጊት ከረጢቷን በሯ ላይ መልሰው አስቀመጡላት። እኚሁ አሮጊት ናቸው ከግቢያቸው ብርቱካን የሚመስል ፍሬ የሰጧት። ሳይበስል ነክሳው አፏ እንደ ጨርቅ ደረቀ። አሮጊቷ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ፍሬውን ልጠው በገመድ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ሰቀሉት፤ ሲደርቅ እንደ ተምር ይጣፍጣል። አሁን አብራቸው ትልጣለች። ይህን ስሰማ ትንሽ ተረጋጋሁ። ሰው የሚሰቅለውን ፍሬ አብሮ የሚልጥ ጎረቤት ካለ ልጅ አትጠፋም።

2 ሰዓት ተኩል፤ አሪቻ

ከይርጋጨፌ በባጃጅ ኮንትራት ሦስት መቶ ብር ተባልኩ፣ በሁለት መቶ ሃምሳ ተስማማን። አቶ በራሶ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። የጨርቅ ደንበኛዬ ናቸው፤ ለሚስታቸውም ለልጆቻቸውም ከእኔ ነው የሚገዙት። ከሁለት ቀን በፊት ደውዬ «እንግዶች በስልክ ያዩታልና አደራ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ምሕረት «እንደነበረ ይሁን» ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ለጥንቃቄ ብዬ አደራ ጨመርኩበት።

«ነይ እዪ እትዬ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ ደቦ ወጣን። ከታች ወንዙ ድረስ አንድ ቅጠል ብታገኚ እኔ በራሶ አይደለሁም።»

እውነታቸውን ነው። የሠርግ ግቢ ይመስላል። በእያንዳንዱ የቡና ግንድ ዙሪያ መሬቱ ተጠርጎ የመጥረጊያው መስመር ይታያል። እኔም ደስ አለኝ። ሻሹን ለሚስታቸው ሰጥቼ፣ ለልምምድ ብዬ ምሕረት ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። ከተራራው ወርደው አውቶቡስ እየጠበቁ ነበር።

«እማ፣ ካሜራውን ወደ መሬት አዙሪልኝ።»

አዞርኩ። ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ምነው ልጄ? ኔትወርኩ ነው?»

«ቅጠሉ የት ሄደ?»

«ተጠረገ እንጂ! አቶ በራሶ በደቦ…»

«እማዬ፣ አስተማሪዬ ማየት የምትፈልገው እሱን ነው። ጥናቴ ቡናው ሥር የሚወድቀው ቅጠል ነው። እዚህ ሰኞ ሰኞ የማደሪያችንን ግቢ ቅጠል እየጠረግን በከረጢት ለቆሻሻ መኪና እንሰጣለን። እዚያ እየጠረግኩ ነው ነገሩ የመጣልኝ። ጌዴኦ ውስጥ ቅጠል ከማሳ አይወጣም፣ መሬቱም አይደክምም። ለምን? እሱን ነው ላሳያት ያሰብኩት።»

አቶ በራሶ ሁሉንም ሰምተዋል። ፊታቸው ተለወጠ። «እኔስ ቅጠሉን ልጥለው ነው እንዴ? ታች ከምሬዋለሁ፣ ነገ እመልሰው ነበር። ለእንግዳ ብለን ነው። አሁን እንበትነው! በግማሽ ሰዓት እንደነበረ እናደርገዋለን።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ እሺ ብሏል። ማን ያውቃል? ምሕረት ግን «አይሆንም» አለች። «ከላይ የዘንድሮው፣ ከሥሩ የአምናው፣ ከዚያ ሥር ጥቁሩ አፈር ነው የሚገኘው። አንዴ ከተነሳ ድርድሩ ጠፍቷል። አስተማሪዬ ብታውቅ ብታውቅ ይህንን ታውቃለች፤ ባታውቅም እኔ አውቃለሁ።»

ልጄ ልክ ናት። ሰዓቴን አየሁ፣ ሦስት ሊሆን ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ ያለ ማሳ ሁሉ በደቦ ተጠርጓል። አቶ በራሶ ይቅርታ ሊጠይቁኝ ሲጀምሩ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። የመመለሻውን ባጃጅ የከፈሉት ግን እሳቸው ናቸው፤ እምቢ ብዬም አልሆነልኝ።

4 ሰዓት፤ ይርጋጨፌ

ሐሳቤ ወደ ገደብ ከተማ በሚሄድ መኪና ገብቼ ያልደወልኩለትን ሰው ማሳ መፈለግ ነው። ባዶ እጄን ሰው ቤት እንዳልገባ ሁለት ትልልቅ ዳቦ ገዛሁ። መኪናው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከወፍጮ የመጣ ዱቄት ጉልበቷ ላይ ይዛለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ታደለች እባላለሁ አለችኝ፣ የምትወርደው ሬኮ ነው።

«ቡና አለሽ?» አልኳት።

«ሬኮ ተቀምጦ ቡና የሌለው ማን አለ?»

«ማሳሽን ጠርገሻል?»

ዞራ አየችኝ። «ምነው እህቴ፣ ሰነፍ መሰልኩሽ? አልጠረግኩም። ለቀማ ላይ ነን፣ እጄ አልደረሰም።»

«እንኳን አልጠረግሽ!» ብዬ ክንዷን ያዝኩት።

ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳት። አልተዋጠላትም። «ቤቴን ሳላዘጋጅ የውጭ ሰው ማሳዬን ይይ? በኋላ ጌዴኦ ቆሻሻ ነው ይበሉን?»

«እነሱ ቅጠል ለማየት ተራራ የሚወጡ ሰዎች ናቸው» አልኳትና ልጄ ዛሬ የላከችውን ፎቶ ከፈትኩላት። አስተማሪዋ ጭቃ በለበሰ ጫማ ቆማ ቢጫ ቅጠል በሁለት እጇ ዘግና ትስቃለች። ታደለች ስልኩን ተቀብላ ብዙ አየችው።

«ጫማዋ ከእኔ ይብሳል» አለች። «እሺ፣ ትይ።»

ሬኮ፤ 5 ሰዓት ተኩል

ከአስፋልቱ ወርደን በእግር ሃያ ደቂቃ ሄድን። ቦት ጫማዬን አጠለቅኩ። ማሳው ውስጥ እግሬ ሲያርፍ ይሰምጣል፣ እንደ ፍራሽ ነው። አንዱ ስልኬ ኔትወርክ የለውም፣ ሁለተኛው እንሰቶቹ አጠገብ ሁለት መስመር አገኘ። እዚያው ቆምኩ፤ ልክ ስድስት ሲል ተደወለ።

የአስተማሪዋ ፊት መጣ። አጭር ነጭ ፀጉር፣ የተራራው ፀሐይ ያቀላው ጉንጭ። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ፣ እኔም ዝቅ አልኩ። ምሕረት በመሀል ታስተረጉማለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ስትፈራ እንዲህ ነው።

«እማ፣ በእጅሽ ቀስ ብለሽ ግለጪው ትላለች።»

ስልኩን ለታደለች ሰጥቼ ተንበረከክኩ። ከላይ ደረቅ የብርብራ ቅጠል፣ ይንኮሻኮሻል። ከሥሩ እርጥብ፣ ሥጋው አልቆ ጅማቱ ብቻ የቀረ። ከዚያ ሥር አፈሩ ጥቁር፣ በእጄ ስጨብጠው የሚሰበሰብ። አንድ ወፍራም የምድር ትል ጣቴ ላይ ወጣ። ጮኽኩ። አስተማሪዋም ጮኸች፣ እሷ ግን በደስታ ነው።

«የማሳውን ባለቤት ‹ለምን አትጠርጊውም?› በያት» አለች በልጄ በኩል።

ታደለች አልዋሸችም። «እጄ ስላልደረሰ ነው» አለች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን ቀጠለች። «ቢደርስም ለእንግዳ ካልሆነ አልጠርገውም። ዛፉ የጣለውን መልሶ የሚበላው ራሱ ነው። ከአፉ ላይ ለምን እወስዳለሁ? እናቴም አልወሰደችም፣ በማረሻም አልነካችውም።»

አስተማሪዋ ሲተረጎምላት እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ከልጄ ጋር ብዙ አወሩ። የማይገባኝን ቋንቋ በፊታቸው ለማንበብ ሞከርኩ። በመጨረሻ ምሕረት አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ፈቀደች፣ እማ! ከሚቀጥለው ክረምት ጀምሮ አሥር ወር። ግን አንድ ነገር አለ። በየቀኑ ጠዋት የወደቀውን ቅጠል ሰብስቤ መመዘን አለብኝ። ከዲላ መመላለስ አይሆንም፤ ማሳው አጠገብ እደር ትላለች። ትስማማ እንደሆነ እናትሽን ጠይቂያት አለችኝ።»

ሳሎናችን አጠገብ ያለችውን ክፍል ቀለም አስቀብቼአለሁ፤ መጋረጃውን ራሴ ነኝ የሰፋሁት። አሥር ወር በየማታው አብረን እራት እንበላለን ብዬ ነበር። መልስ ሳልሰጥ ታደለችን «ቤትሽን አሳዪኝ» አልኳት። ቤቱ እዚያው እንሰቶቹ አጠገብ ነው፣ ኔትወርኩ አልጠፋም። የጓዳውን በር ዘግቼ ከፍቼ አየሁ፣ መቀርቀሪያው ይይዛል። ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ ማታ ማን ማን እንደሚያድር ጠየቅኳት። ከሁለት ሴት ልጆቿና ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው። አስተማሪዋ በስልኩ ውስጥ ሆና በትዕግሥት ትጠብቃለች።

«እህቴ፣ ሌባ ብትፈልጊ እዚህ አታገኚም» አለች ታደለች። «ይልቅ ልጅሽ ቆጮ ትበላለች?»

«ጃፓን ሄዳ ያልበላችው ነገር የለም።»

«እንግዲያው ትምጣ።»

ወደ ስልኩ ዞሬ «እስማማለሁ» አልኩ። ምሕረት ሳታስተረጉመው አስተማሪዋ ገባትና አንገቷን ዝቅ አደረገች።

11 ሰዓት ተኩል፤ ዲላ

ባለቤቴ ሱቁን እየዘጋ ነበር። ፊቴን አይቶ «ተሳካ?» አለኝ።

«ተሳካ። ትመጣለች።»

በሩን ትቶ የጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ተቀመጠ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ክፍሏ ደርሶላታል።»

«እዚህ አይደለም የምታድረው። ሬኮ፣ ታደለች የምትባል ሴት ቤት ነው። ቤቱን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው።»

ቁልፉን በእጁ አገላበጠው።

«ሬኮ በመኪና ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«በመጀመሪያው መኪና ከሄድን» አልኩት፣ «ቁርሷን ሳትጨርስ እንደርሳለን።»