የአጥንት ስታርች

ካውያ የሚሏትን ሴት በላውንደሪው ውስጥ የሚደፍራት አልነበረም። ስሙን ያወጡላት አብረዋት የሚሠሩት አጣቢዎች ናቸው። ሥራዋ ልብስ መተኮስ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የነካችውን ሁሉ ስለምታቃጥል ነው። የላውንደሪው ባለቤት እንኳ ሊቆጣት ከመጣ በኋላ በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠራርጎ ይመለሳል። እጇ ግን ወርቅ ነው፣ ሐሰት አይነገርም። ዳኛው፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁሉም ሸሚዛቸውን ከእሷ ሌላ ሰው እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ጥበቧም አንድ ነበረች፦ ለአንድ ባልዲ ውሃ አንድ ስኒ ስታርች፣ ኮሌታ የሚያደርቀው ዱቄት፣ ይበቃል ሲሏት ሁለት ትጨምራለች። "ኮሌታ አንገቱን የሚደፋው በስስት ነው" ትላለች። እውነትም የእሷ ኮሌታ ቀጥ ብሎ ይውላል።

ይህችን ሴት ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት እትዬ ገና ለጋ ልጃገረድ ነበረች፤ ትምህርቷንም ትዳሯንም ትታ ታናሿን አዝላ አሳደገቻት። ስለዚህ እትዬን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧት ዳሌዋ ሲሰበር፣ ካውያ ሰማይ የተደፋባት መሰላት። ሐኪሞቹ አጥንቱን በብረት ገጥመው ሲያበቁ፣ "አጥንቷ ሳስቷል፤ ሌላ ጊዜ ብትወድቅ አትነሣም" አሏት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ካውያ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እትዬ በእግሯ እንድትቆም። ለዚህ ስትል የማታደርገው ነገር አልነበረም፤ መከራው የመጣውም ከዚሁ ነው።

የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ረጋ ብላ አስረድታት ነበር። "ነጩ ክኒን ካልሲየም ነው፤ እህትዎ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ ጋር ይውሰዱ። ይሄኛው እንክብል ቫይታሚን ዲ ነው። ኃይለኛ ስለሆነ በሳምንት አንዴ ብቻ! ሌላ ቫይታሚን የሚወስዱ ከሆነ እንዳይደራረብ ይንገሩን። ውሃ ጥም ከበዛባቸው፣ ካስመለሳቸው፣ ሆዳቸው ከደረቀ፣ መድኃኒቱን አቁመው ቶሎ ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው።"

ካውያ "እሺ፣ እሺ" አለች። ነገሩን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላዋለች። መንገድ ላይ ለራሷ፣ "በሳምንት አንዴ? እሱማ ለቀልድ ነው! የኔ እህት ተሰብራ ተኝታ!" እያለች ሄደች። ቤት እንደገባች እንክብሉን በየቀኑ አደረገችው፤ ነጩንም እጥፍ። አንዷ ደንበኛ ደግሞ ከውጭ የመጣ "ለአጥንት" የሚል ጠርሙስ ስትሰጣት፣ ውስጡ ያው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መሆኑን ሳትጠይቅ ከላዩ ደረበችው። እንክብሉ ሲያልቅባት አንድም ነገር እንዳይጠይቋት ሌላ መድኃኒት ቤት ሄዳ ትገዛለች። አበስኩ ገበርኩ! ማርም ሲበዛ ይመራል የሚላት ሰው እቤቷ አልነበረም።

ወራት አለፉ። እትዬ ውሃ ውሃ ማለት ጀመረች። ጆጉን ጨርሳ ሌላ ትጠይቃለች፤ ከዚያ ደግሞ ሽንት ቤት ውሰጂኝ ትላለች። የምግብ ሽታ ያስጠላታል፣ የበላችውን ትመልሳለች፣ ሆዷ ድርቅ ብሏል። ካውያ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ስትቀቀል ውላ ነው የምትመጣው፤ ትዕግሥት ከየት ይምጣላት?

"እቴ፣ የሚያስመልሰኝ ይሄ ክኒን ነው። ዛሬን ይለፈኝ" አለቻት እትዬ።

"ሞኝሽን ፈልጊ! በስተርጅና ልትቀብጪብኝ ነው? አፍሽን ክፈቺ።"

"እባክሽ፣ የኔ እናት..."

"ክፈቺ አልኩሽ!"

አገጯን ይዛ ታጎርሳታለች፤ እስክትውጥም ቆማ ታያታለች። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን በር ላይ ብቅ ብላ፣ "ኧረ ሴትዮ፣ ሐኪም ይያት! ፊቷ አመድ መስሏል" ብትላት፣ ካውያ እሳት ጎርሳ ወጣችባት። "አንቺ ቁልፍሽን ትከዪ! እኔን ያሳደገችኝን እህቴን አንቺ ልታስታምሚልኝ ነው?" ልብስ ሰፊዋ ዳግመኛ ደጃፉን አልረገጠችም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እዚህ ቤት ግን እምቢ ያለችው ሌላ፣ መከራው ያረፈው ሌላ ሰው ላይ ነው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ!

ቀጥሎ እትዬ ነገር ይምታታባት ጀመር። ቀኑ ከሌሊቱ ተደባለቀባት። ታናሿን "እማዬ" ብላ ጠራቻት። ካውያ ላውንደሪው ውስጥ፣ "አጥንቷ ሲጠነክር ጭንቅላቷ ላላባት!" ብላ አወራች፤ አጣቢዎቹም ከልባቸው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ከሥራ ስትመለስ አንድ ክኒን ጨመረችላት።

አንድ ጠዋት እትዬ ብትጠራ ብትነቀነቅ አልነቃም አለች። ሆስፒታል ወሰደቻት። ዶክተሩ የደም ምርመራውን አይቶ፣ "ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?" ሲላት፣ ጠርሙሶቹን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት። "አንድም ቀን አላጓደልኩም፣ ዶክተር" አለችው፣ ደረቷን ነፍታ።

ዶክተሩ እንክብሉን አንሥቶ አገላበጠው። "ይሄን በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ ቶሎ አይወጣም። ደማቸው በካልሲየም ተሞልቷል። ኩላሊታቸው ክፉኛ ተጎድቷል፤ ደማቸው በማሽን መታጠብ አለበት፣ ምናልባትም ዕድሜ ልካቸውን።" ቀና ብሎ አያት። "እንዲህ ሲያማቸው አልፈልግም አላሉም?"

ካውያ ጠርሙሶቹን መልሳ ወደ ቦርሳዋ ሰበሰበች።

"በየቀኑ ትል ነበር" አለች።

ከሰዓት በኋላ የአጥንት ሐኪሙ የራጁን ፊልም ይዞ ገባ። ስለ ኩላሊቱ የነገረው ሰው አልነበረም። "እሰይ! ዳሌያቸው እንዴት አምሮ ገጥሟል! ምን አድርገሻቸው ነው?" ብሎ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት።

ሲወጣ ካውያ የእህቷን ከንፈር ልታርስላት በማንኪያ ውሃ ይዛ ቀረበች። እትዬ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየቻት፤ አየቻትና ትራሱ ላይ ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ በፍጥነት አፏን ከፈተች።

"እወስደዋለሁ፣ እማዬ። አትቆጪኝ፣ እወስደዋለሁ።"

"ውሃ ነው እኮ፣ እትዬ። ውሃ ብቻ ነው" አለች ካውያ።

እትዬ አላመነቻትም። ዓይኖቿን ጨፍና፣ አፏን እንደከፈተች ጠበቀቻት።