የተማረችበት ልብ

ሰፈሩ «ሚሊሜትር» የሚለው አናጢ አንዲት ልጅ አለችው። ሕክምና ትምህርት ቤት የገባች ቀን ስሟ ቀረና «ዶክተር» ሆነች፤ ገና አንድ ክኒን እንኳ ሳታዝ። «ዶክተር፣ ይቺን ጉልበቴን እስቲ እይልኝ» የሚላት ጎረቤት፣ የምታውቀው የጉልበቱን አጥንት ስም ብቻ መሆኑን ብትነግረው አያምናትም።

መቼም ይሄ ትምህርት ሰው ከሩቅ እንደሚያስበው አይደለም። መጀመሪያ አጥንት፣ ጡንቻ፣ ነርቭ መሸምደድ ነው። ከዚያ ኩላሊት እንዴት እንደሚያጣራ፣ ስኳር ደም ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ የትኛው ጀርም በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት። ተማሪው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ራሱ ሊፈነዳ ሲደርስ ነው፣ በሦስተኛው ዓመት፣ «በል እንግዲህ ሰው ንካ» የሚባለው። እሱም በተራ ነው፤ ማየት፣ መዳሰስ፣ በጣት መታ መታ ማድረግ፣ በመጨረሻ ማዳመጥ።

ጓደኞቿ ዶርም ስለሚያድሩ ማታ ማታ እርስ በርስ ይለማመዳሉ። እሷ ከቤቷ ተመላላሽ ናት። በእናቷ እንዳትለማመድ፣ እናትየው ገና ጣት ወደ ጎኗ ሲጠጋ በሳቅ ትፈርሳለች። የቀረው አባት ነው። ሚሊሜትር ሥራ ሲጨርስ ምድር ቤት ባለው ወርክሾፑ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰጋቱራ ጠራርጎ ይጋደምላታል። አንድ ቀን ጉልበቱን በጎማ መዶሻዋ ስትመታው እግሩ ተስፈንጥሮ የኮላ ቆርቆሮውን ገለበጠው። «በኔ መዶሻ ቢሆን እኮ አንቺኑ ነበር የምገለብጥሽ» አላት። ጉበቱን ፈለገች፣ ሳንባውን አንኳኳች። ከሁሉ የወደደችው ግን ልቡን ነው።

ድም፣ ሽው፣ ድም። ድም፣ ሽው፣ ድም።

«ምን ይላል?» ይላታል ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

«እንደ ትናንቱ ነው፣ አባዬ።»

«ተመስገን» ብሎ ሸሚዙን ይቆልፋል።

በዚያው ሰሞን ሚሊሜትርን ደረጃ ያቅተው ጀመር። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ የግድግዳውን ቀለም ይመረምራል፤ ቀለሙ ግን ሰበብ ነው፣ ትንፋሹ ነበር ያጠረው። ለእናትየው አልዋጥላት አለ።

«ነገ ሆስፒታል ትሄዳለህ፣ አለቀ።»

«ሆዴ ነው የከበደኝ፣ ምን ሆንሽ?»

እናት ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ልጅቷ አፏን ሞልታ «ልቡ ደህና ነው፣ እማ። በየማታው እሰማው የለ?» አለች።

እናት አመነች። ለምን አታምን? ለዚህ አይደል እንዴ ልጅ የሚያስተምሩት። ሆስፒታሉ ቀረ።

ተማሪዎቹ በሽተኛ ለማየት ዎርድ የገቡ ዕለት፣ ቁመቷ አጠር ቁጣዋ ረዘም ያለ ሐኪም እግሩ በተሰበረ አንድ ጎረምሳ አልጋ ዙሪያ አቆመቻቸው። «ልቡን አዳምጡና የሰማችሁትን ንገሩኝ» አለች። የሚሊሜትር ልጅ ተራዋ ሲደርስ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አሳረፈች። ድም ድም። ወደ ላይ አደረገችው፣ ወደ ታች አደረገችው። ድም ድም። ስትቆይበት ጊዜ ጎረምሳው ራሱ ፊቱ መለወጥ ጀመረ።

«አንድ ድምፅ ጎድሎበታል» አለች።

ጓደኞቿ ሳቁ። ሐኪሟ አልሳቀችም።

«የቱ ድምፅ?»

«በሁለቱ ምት መሃል ሽው የሚለው።»

«የዚህ ልጅ ልብ ምንም አልጎደለውም። ጤነኛ ልብ እንዲህ ነው። ሽው ሲል የሰማሽው ማን ላይ ነው?»

«አባቴ ላይ።»

ሐኪሟ የራሷን ማዳመጫ ከአንገቷ አወረደች። «አባትሽ ደረጃ ሲወጣ እንዴት ነው?»

ልጅቷ ክው አለች። የልብ በር ሲጠብ ደሙ እየተጋፋ ሲያልፍ ሽው እንደሚል በቃሏ ታውቀዋለች፤ ፈተና ላይም መልሳዋለች። ግን በጆሮዋ ሰምታ የምታውቀው ልብ አንድ ብቻ ነበርና፣ ልብ ሁሉ እንደዚያ የሚል መስሏት ኖረች። አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ፈራች። ለእናቷ «ልቡ ደህና ነው» ያለችው አልጋው አጠገብ እንደቆመች መጣባት።

ወርክሾፑ ስትደርስ አባቷ የቁም ሳጥን በር እየላገ ነው።

«ተነስ አባዬ፣ ሆስፒታል እንሂድ። ተሳስቼ ነበር። ልብህ ታሟል፤ እኔ እየሰማሁት ጤና ነው እልህ ነበር።»

«ያን ሁሉ ማታ?»

«ያን ሁሉ ማታ።»

መላጊያውን አስቀመጠ። «አንድ የተበላሸ ሜትር ይዘሽ አገሩን ልትለኪበት ወጣሽ በይኛ» አለና ሳቀ። እሷ አለቀሰች።

ምርመራው ሐኪሟ እንደፈራችው ሆነ፤ የልቡ በር መቀየር አለበት ተባለ። እናትየው ልጇን አልተቆጣቻትም። ብትቆጣት በስንት ጣዕሟ! ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ውሃ ብቻ ይቀባበሉ ነበር።

ሚሊሜትር ከመኝታው ቀና ማለት ሲጀምር፣ ልጁን ማዳመጫዋን ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ አገኛት። ልታወጣው አልደፈረችም። እሱ ራሱ የፒጃማውን ቁልፍ ፈታ።

«ምን ይላል?»

ከፋሻው ጎን ቀስ ብላ አስጠግታ አዳመጠች። ሽው የሚለውን ፈለገች፣ አጣችው። ወደ እናቷ ዞረች።

«እማ፣ እስቲ አንድ ጊዜ።»

ጣት ሲጠጋት በሳቅ የምትፈርሰው ሴትዮ የደረቷን ቁልፍ ፈታች። ቀዝቃዛው ብረት ሲነካት ዓይኗን ጨፈነች እንጂ አልሳቀችም፤ ልጇ እስክትጨርስ ትንፋሿን ይዛ ተቀመጠች። ልጅቷ ወደ አባቷ ተመለሰች፣ እንደገና ወደ እናቷ፣ እንደገና ወደ አባቷ።

«እንዴ፣ ምን ይላል?» አለ ሚሊሜትር።

«እንደ እማ ነው፣ አባዬ።»