ፎቶ ላልተዉ ሰዎች ፊቱን ያዋሰ

በሜከን ከተማ፣ ኮረብታው ላይ ባለችው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሥዕሎች ተሰቅለዋል። መርከበኛ አለ፣ ከብት የሚነዳ ፈረሰኛ አለ፣ ሰዓት ሠሪ አለ፣ ከባርነት አምልጦ ወንዝ በዋና የተሻገረ ሰባኪም አለ። ሁሉም ታሪክ የዘነጋቸው ጥቁር ሰዎች ናቸው። ሁሉም ደግሞ አንድ አገጭ፣ አንድ አፍንጫና አንድ ወደ ታች ያዘነበለ የግራ ዐይን አላቸው። አንድ ጊዜ ከሳቫና ከተማ የመጣ እንግዳ ሰባኪ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አይቶ፣ «ምን ዓይነት የተባረከ ቤተሰብ ነው!» ብሎ አደነቀ። ማንም አላረመውም።

አገጩ የክሊዮፈስ ባትስ ነው። ክሊዮፈስ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ሰባ አራት ዓመቱን የደፈነ ሰው ነው። በየዓመቱ የጥቁሮች ታሪክ የሚታሰብበት የካቲት ሲመጣ የሰፈሩ ወጣቶች ማንም የማያነሳውን አንድ ጥቁር ሰው ከመዝገብ ቆፍረው ያወጣሉ፤ ታሪኩን ይጽፋሉ፣ መልኩን ይሥላሉ። ችግሩ የተረሳ ሰው ፎቶ የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን ማዋስ ነበረበት። ክሊዮፈስ አንድ የካቲት ተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲያ ወንበሩ የእሱ ሆነ። በሥራ ዘመኑ ተሳፋሪዎቹ የሚያውቁት ማጅራቱን ብቻ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ግን ልጆቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊቱን ትክ ብለው ያዩታል። የሰው ልጅ እንጀራ አጥቶ ብቻ እንደማይራብ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ዘንድሮ የመጻፉም የመሣሉም ተራ የደረሳት የአሥራ ስድስት ዓመቷ ታሊሳ ፔቲግሩ ናት። የመረጠችው ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት በበቅሎ እየዞረች አራት መቶ ሕፃናትን ያዋለደችውን ሄፕሲ ሮውን ነው።

«አጎቴ ክሊዮ፣ ዘንድሮ እኮ ሴት ናት» አለችው ረቡዕ ዕለት አዳራሹ ውስጥ፣ እንዳይከፋው ቀስ ብላ።

«ብትሆንስ? ሰዓት ሠሪው ቀጫጫ ነበር፤ እኔ መቶ አሥር ኪሎ ነኝ። ማን ጠየቀኝ?»

ዲያቆን ሆዜዕ ሚምስ አጠገባቸው የተጠበሰ ዓሣ እየበላ ነበር። ፊቱ እንደ እንቁላል ልስልስ ያለ፣ ራሱም ይህንኑ አብዝቶ የሚያውቅ ሰው ነው። «እግዚአብሔርን ፍራ ክሊዮ! ያን ሁሉ ሪዝ አንጠልጥለህ ነው አዋላጅ የምትሆነው? ሕፃኑ አንተን ሲያይ ተመልሶ ይገባል! ለሴትማ የእኔ ፊት ነው።»

«ገና አልወሰንኩም» አለች ታሊሳ። «የድሮውን የቤተ ክርስቲያን ቃለ ጉባኤ መዝገብ አንብቤ ልጨርስ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችሁም ኑ፣ ያን ጊዜ እመርጣለሁ።»

ክሊዮፈስ ሁለት ቀን እህል አልበላ አለው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጸጉር ቤት ሄዶ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

«ላጭልኝ።»

«ምኑን?» አለ ጸጉር አስተካካዩ ላማር።

«ሪዙን።»

አርባ ዓመት የኖረ ሪዝ ነው። ላማር ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገና፣ «ከመቀበሩ በፊት ቃል የሚናገር ዘመድ አለ?» አለ።

ክሊዮፈስ ቤቱ ሲደርስ አብራው የምትኖረው እህቱ ኧርነስቲን መጥረጊያ ይዛ ጠበቀችው። «ማነህ? ውጣ ከቤቴ!»

«እኔ ነኝ ኧርኒ!»

«ድምፁስ የወንድሜ ነው። ከንፈሩ ግን የማን ነው?»

ቅዳሜ ጠዋት ክሊዮፈስ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ አዳራሹ ገባ። ዲያቆኑ ቀድሞት የሚስቱን ሻሽ አስሮ ተቀምጧል። ታሊሳ ከመዝገቡ የገለበጠችውን ወረቀት ዘርግታ ማንበብ ጀመረች፦ «‹እህት ሄፕሲ በላይኛው ከንፈሯ ላይ የጎረምሳ የሚያህል ሪዝ ነበራት። አንድ ወንድም ብትላጪው ብሎ ቢመክራት፣ እቤትህ የመጣሁት ሚስትህን ላዋልድ ነው ወይስ ላገባህ? አለችው።›» ቀና አለች። «ስለዚህ አጎቴ ክሊዮ፣ የመረጥኩት እርስዎን...»

መሐረቡ ወረደ።

«ምነው! ምነው አጎቴ ክሊዮ! ምን አደረጉት?»

ዲያቆኑ ከሳቁ ብዛት ሻሹ ዐይኑ ላይ ወረደበት። «እንግዲህ ሁለታችንም ልሙጥ ነን፤ ቆንጆው ይመረጥ!»

«አንድ ሰዓት ስጪኝ ልጄ» አለ ክሊዮፈስ፣ በሩን ሳይዘጋ እየወጣ።

ቤቱ እንደደረሰ እህቱን ለሪዝ የሚሆን ጸጉር ለመናት። ኧርነስቲን ሦስት ዊግ አላት። «ጥቁሩን እንዳትነካ፣ ነገ ከመዘምራን ጋር እቆምበታለሁ። ግራጫው የቀብር ነው፣ ድንገት ሰው ቢሞትስ? ቀዩ ደግሞ የፋሲካ ነው። ለጌታ ትንሣኤ የገዛሁትን ላንተ አፍንጫ ሥር ልለጥፍ?»

ያቺ ራቁቷን የቀረች የክሊዮፈስ ከንፈር ስትንቀጠቀጥ አይታ የኧርነስቲን ሆድ ባባ። ከቀዩ ዊግ ከኋላው በኩል ሦስት ጊዜ ቆረጠችለት፤ በዊግ ሙጫዋም ለጠፈችለት። «መንፈስ ወርዶ ስንዘል እንኳ ንቅንቅ የማይል ሙጫ ነው። እስኪደርቅ እንዳትስቅ።»

አዳራሹ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። ዲያቆኑ ከታሊሳ ጀርባ ቆሞ፣ «ክሊዮ፣ ከንፈርህ ላይ ቀበሮ ተኝቷል፣ እንዳትቀሰቅሰው» እያለ ፈተነው። ክሊዮፈስ አልሳቀም። ስለ ሄፕሲ እያሰበ ነበር። አራት መቶ ነፍስ በእጇ ተቀብላ፣ የወንድሞች ቃለ ጉባኤ አብልጦ ያተተው ስለ ከንፈሯ ነው። እንዲያም ሆኖ ከነጭራሹ ከመረሳት በከንፈርም መታወስ ሳይሻል አይቀርም፣ ብሎ አሰበ። ደግሞ ወዲያው ይሻል እንደሆነ ተጠራጠረ።

እሑድ ሥዕሉ ተሰቀለ። ሪዙ በሞቀ ውኃም በዘይትም አልነቀል ስላለ ክሊዮፈስ እንደተለጠፈበት መጣ። ታሊሳ የጋበዘቻት የሄፕሲ የልጅ ልጅ፣ የዘጠና አንድ ዓመቷ እማማ ኦዴሳ፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋች ገባች። መነጽሯን ጠርጋ ሥዕሉን አየች፣ እንደገና ጠርጋ አየች።

«አያቴ እንደዚህ አስቀያሚ አልነበረችም» አለች።

ክሊዮፈስ የሚሣልበት ወንበር ከእጁ እንደወጣ ታወቀው። ዲያቆኑ ከኋላ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ግን ሪዟ ቀይ መሆኑን ማን ነገራችሁ?» አለች እማማ ኦዴሳ፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «ያን የሚያውቅ እኮ ከእኔ በቀር በሕይወት የለም። በሉ ይኼን ሰውዬ አትቀይሩት።»

ክሊዮፈስ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘና፣ «እማማ፣ ሰው ለሌላው ፊቱን ሲያውስ አንዳንድ ነገር ይገለጥለታል» አለ፣ ድምፁን እንደ ሰባኪ አጎርንኖ።

«ይገለጥለታል?» ስትል ጮኸች ኧርነስቲን ከመዘምራኑ መሃል። «የፋሲካ ዊጌን ገልጦ ነው እንጂ!»