ያልተወለደው የበድሉ ወንድም

ሽሮ ሜዳ ላይ በድሉን የማያውቅ ሸማኔ የለም። እጁ ጥለት ላይ ሲሆን አፉ ነገር ላይ ነው። አንዷን ነጠላ ሦስት ሙሽሮች ተሻምተውባታል ብሎ ለአራተኛዋ የሸጠበት ቀን አለ። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት ጨጓራው ሲያቃጥለው ኖሯል። ተልባ ጠጣ፣ ወተት ጠጣ፣ ሰው ያለውን ሁሉ ጠጣ፤ ሐኪም ካዘዘው ግን ግማሹን ብቻ።

በመጨረሻ ሚስቱ ሸዋገነት እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙ ጨጓራው በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ መታየት አለበት ብሎ ለመጋቢት 15 ቀን 2012 ቀጠሮ ጻፈለት። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳይጠብቅ እንዲመጣም አስጠነቀቀው።

በድሉ ሕመሙን ለምዶታል፤ የፈራው ካሜራውን ነው። ጥፋቱ የጎረቤቱ የቶለሳ ነበር። ቶለሳ ያንኑ ምርመራ ቀድሞ አድርጎ ነበርና፣ ቱቦው የቦኖ ውሃ ጎማ እንደሚያህል፣ ሐኪሞቹም ከከተቱት በኋላ ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ እዚያው እንደሚተዉት አጫወተው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያሞኝ የኖረው በድሉ ይህን አንድም ሳይጠራጠር አመነ።

ቀጠሮው ጥቂት ቀን ሲቀረው ኮሮና አገር ገባ። ሆስፒታሉ ደወለና፣ ከድንገተኛ ሕመም በቀር የካሜራ ምርመራ ለጊዜው መቆሙን፣ ተራው ሲደርስም እንደሚጠሩት ነገረው። በድሉ ፊቱን አሳዝኖ ወደ ቤት ገባ። ሸዋገነት ዜናውን ሰምታ እንባ ሲቀድማት አብሯት አንገቱን ደፋ፤ ሆዱ ግን እልል ይል ነበር። ለዓለም መዓት ሆኖ የመጣው በሽታ ለእሱ ገላጋይ ሆኖለት አረፈው።

ሐምሌ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሲስተር ሄርሜላ የምትባል ነርስ ነበረች። ምርመራው በጥቂቱ ተጀምሯል፤ በቀን ሃያ ሰው ይታይ የነበረው አሁን አራት ብቻ ነው፤ ከአራቱ አንዱ አቶ በድሉ ናቸውና ሐሙስ ይምጡ አለች።

በድሉ መወርወሪያውን አስቀመጠና ድምፁን አጎረነነ።

“እሱ የለም። እኔ ወንድሙ ነኝ። አርባ ምንጭ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት እዚያው ቀረ።”

ሁለተኛ ሲደወል ወንድምየው፣ በድሉ ኳራንቲን ገብቷል አለ። ነሐሴ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደወል ደግሞ፣ ከዚያ እንደወጣ ሌላ ኳራንቲን አስገብተውታል አለ። ሲስተር ሄርሜላ፣ የወንድምዎ መከራ በዛ፣ እግዜር ይሁናቸው ብላ ዘጋች። ለሸዋገነት ግን በድሉ፣ ሆስፒታሉ እስካሁን አልደወለም ይላታል። እሷም ኮሮናን ትረግማለች።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሰገራው ጠቆረ። በድሉ በጎመን አሳበበ። በማግስቱ ጎመን ሳይበላም ጠቆረ። በሦስተኛው ቀን ከሽመና ጉድጓዱ ሊወጣ ብድግ ሲል ዞረበትና ድሩ ላይ ተደፋ። ሸዋገነትና ቶለሳ ደግፈው በላዳ ድንገተኛ ክፍል አደረሱት። አፍንጫው ውስጥ የናሙና መውሰጃ ተከተተና፣ የኮሮናው ውጤት እስኪመጣ ደም ተሰቅሎለት ድንኳን ውስጥ ለብቻው ተኛ።

እዚያ ሁሉም ጭምብልና መከላከያ ልብስ ስለለበሰ ሰው ከሰው አይለይም። አንዲት ነርስ መዝገብ ይዛ መጥታ ስሙንና ዕድሜውን ጠየቀችው። በደከመ ድምፅ ነገራት። ብዕሯን አቆመች።

“ድምፅዎ ቁርጥ የወንድምዎን ነው” አለችው።

በድሉ ዓይኑን ጨፈነ። ከድንኳኑ ደጃፍ የቆመችው ሸዋገነት ግን ሰምታለች።

“የምን ወንድም? እሱ እኮ ለእናቱ አንድ ነው።”

ነርሷ ያቺው ሲስተር ሄርሜላ ነበረች፤ ሦስቱንም ጥሪ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሸዋገነት አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። በድሉን ያስፈራው ይኸው ነበር።

በማግስቱ ከኮሮና ነፃ መሆኑ ታወቀና ካሜራ ክፍል ገባ። ጉሮሮውን አደነዘዙለት፤ ቱቦው ከትንሽ ጣቱ አይበልጥም ነበር። ሐኪሞቹ የሚደማ ቁስል አግኝተው ደሙን አቆሙለት፤ ቁስሉን ያመጣው ባክቴሪያ ነው ብለውም የሁለት ሳምንት መድኃኒት አዘዙለት።

በተኛበት ክፍል የአልጋ ጎረቤቱ አድነው የሚባል የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አትክልተኛ ነበር። ምግብ አልወርድ ብሎት የተያዘለት የካሜራ ቀጠሮም በዚያው በመጋቢት ተሰርዞ፣ ከዚያ ወዲህ የተጠራው ገና ባለፈው ሳምንት ነው። አሁን ጉሮሮው ላይ እጢ አግኝተውበት ውሃ እንኳ በመከራ ይውጣል።

“ይደውላሉ እያልኩ ስልኩን ሽንት ቤት ሁሉ ይዤው እገባ ነበር” አለው።

ሲስተር ሄርሜላ መድኃኒት ይዛ ስትመጣ በድሉ፣ እሱ የቀረባቸው ሦስት ቀኖች ምን እንደሆኑ ጠየቃት።

“ለሁለቱ ሰው ተክተናል፤ ለሦስተኛው ከምርመራው በፊት የኮሮና ውጤት የሚደርስለት ሰው አጥተን ባዶውን አለፈ።” ይህን ስትል በቁጣ አልነበረም፤ ስለጠየቃት ነው የነገረችው።

በድሉ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሸዋገነት ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። በስምንተኛው ቀን ስልኩን ከኪሱ አውጥታ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ እኔ ዘንድ ነው የሚያድረው አለችው።

ለአድነው በወፍራም ድር ጋቢ ሠራለት፤ በየሳምንቱም ሆስፒታል ሊጠይቀው ይሄድ ጀመር። ሲሄድ ያልሆነ ነገር ሁሉ ያወራለታል፤ አንድ ቀን አድነው በሳቅ ታንቆ ነርሶች በሩጫ መጡና በድሉን አስወጡት። ጥር ላይ አድነው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከሳ፣ ድምፁም ቀጠነ፤ አጥሚቱን ግን መዋጥ ጀመረ። በፋሲካ ሰሞን በእግሩ ሽሮ ሜዳ ድረስ መጥቶ፣ ለበድሉ ደጃፍ ሦስት ችግኝ አመጣለት። ሁለቱን በድሉ አጠጣቸዋለሁ እያለ አደረቃቸው። አንዱ ግን ሸዋገነት ደርሳለት ጸድቋል።