ልብስ ሰፊው ኮፍያውን ሲያወልቅ

የጨረርና የቀዶ ጥገና ታካሚዎች በአንድ አዳራሽ ነው ወረፋ የምንጠብቀው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ መጥቷል፣ ኮሌታው ላይ ሦስት መርፌ ተሰክቷል። ኮፍያውን ግራ ጆሮው ድረስ ደፍቶታል።

በስድስት ዓመቱ ጭንቅላቱ ውስጥ የነበረው ካንሰር በጨረር ድኖለት ነበር። አሁን ያው ጨረር ሌላ ዕጢ አበቀለበት። ይህን የነገረኝ የደንበኛ ሱሪ ስለማሳጠር እንደሚያወራ ሁሉ ረጋ ብሎ ነው።

"ያኔ ባይሰጡኝ ሰባት ዓመት አይሞላኝም ነበር። ማንን ልቀየም?" አለኝ።

አንዲት እናት ትንሽ ልጇን አቅፋ መጥታ ፊት ለፊታችን ተቀመጠች። ልጅቷ ጭንቅላቷ ላይ ጨረር ልትጀምር ነው። እናትየው የልጇን ጸጉር ደጋግማ ትዳብሳለች።

ልብስ ሰፊው ኮፍያውን አወለቀ። ከጆሮው በላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጸጉር የለውም።

"የኔ ቆንጆ፣ የፊትሽን ልክ ወስደው ለጨረሩ ጭምብል ይሠሩልሻል። እንደኔ ሥራ ነው፤ አንቺ እንዳትነቃነቂ ብቻ" አላት። ወደ እናትየው ዞረ። "እኔም በሷ ዕድሜ እዚሁ ነበርኩ፣ እህቴ። ይኸው አርባ ዓመቴ። ልጅ ድሬያለሁ።"

"ታዲያ ዛሬ ምን አመጣዎት?"

"ዛሬም ድረስ አልረሱኝም፣ ይጠሩኛል" ብሎ ሳቀ።

ነርሷ ብቅ ብላ "የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያለው ማነው?" አለች። ደግማ ጠየቀች። ልብስ ሰፊው አጎንብሶ ኮሌታው ላይ ያሉትን መርፌዎች ያስተካክል ጀመር።

እናትና ልጅ ተጠርተው ገቡ። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ኮፍያውን ደፍቶ ተነሳ።

"እኔ ነኝ" አላት ነርሷን።