ቅቤ የጠጣው ድስት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ሚስቴ ከሞተች በኋላ ነው፤ ልጄም በጸሎት ቤታችን ግቢ ዕብራይስጥ መማር ከጀመረች ወዲህ። ዓርብ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ለሰንበት ብላ ዶሮ ሠርታ ነበርና።

ጎንደር በተከራየነው ቤት ከልጄ ጋር ሁለታችን ብቻ ነን። ወጡ ሲቀርብ አንድ ጎረስኩና አኘክሁት። ደረቅ ነው። ቅቤ የለውም።

«ረሳሽው ወይ?» አልኳት።

«አልረሳሁም አባባ። ዶሮ በቅቤ አይበላም። መምህራችን አስተማሩን።»

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ኦሪት ሲነበብ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። በግም ሆነ ፍየል፣ በሬም ቢሆን ከወተትና ከቅቤ ጋር አንበላም ነበር። ዶሮን ግን አያቶቼ በቅቤ ሲበሉ ኖረዋል።

«ዶሮ ትታለባለች እንዴ?» አልኩ።

ሳቋ አመለጣት። «አትታለብም። ሊቃውንቱ ግን ከሥጋ ጋር አንድ አድርገዋታል።»

«የእኛ ቄስ እንዲህ ብለው አያውቁም።»

«እሳቸውም ኢየሩሳሌም ከገቡ ወዲህ በዘይት ነው የሚበሉት። ልጃቸው በስልክ ነገረችኝ።»

አባቴ ሲናገር እኛ መሬት መሬት እናይ ነበር። አሁን እኔ ስናገር መልሱ ከስልክ ይመጣል።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። «ይሄ ድስት ራሱ ቅቤ ጠጥቷል፤ ሸክላ ደግሞ ታጥቦ አይጠራም። ሌላ እንግዛ» አለችኝ። ድስቱን ለሠርጋችን የሠራችልን ታላቅ እህቴ ናት። ሚስቴ እስከ መጨረሻዋ ወጥ የሠራችበት ነው።

«እኔ እያለሁ ከቦታው አይነሳም!» አልኩ።

ልጄ አልጮኸችም። አባትን ማክበርም ትእዛዝ ነው ብላ ድስቱን ተወችልኝ፤ ከድስቱ መብላት ግን እምቢ አለች። ለራሷ በብረት ድስት ትሠራለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምድጃ አጠገብ ያልደረስኩ ሰው፣ ዓርብ ዓርብ ሽንኩርት ላቁላላ ገብቼ አሳርር ጀመር። ሰንበት ሲገባ እሷ በዚያ ጥግ፣ እኔ በዚህ ጥግ እንበላለን። ቅቤው እንደ ልብ ነው፤ ግን አልዋጥ አለኝ።

ቢቸግረኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ ኮላ ድባ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ትደግፈኛለች ብዬ ነው። ይህን ያህል አርጅታም ጭቃ ታቦካለች። እያቦካች ሁሉንም ሰማችኝ።

«ምነው እንዲህ ተቆጣህ ወንድሜ? ባዕድ ነክተህ ስትመጣ እናታችን ወንዝ ወርደህ ሳትታጠብ ደጃፏን ታስረግጥህ ነበር?»

«የት ታስረግጠኝና!»

«ማን አዘዘሽ ብለሃታል?»

«እንዴት ብዬ!»

«አሁንስ? ስንቱን ባዕድ በሚኒባስ ታክከህ መጣህ። ወንዝ ወርደሃል?»

«አልወረድኩም።»

«ድስቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «አብራችሁ እንድትበሉበት እንጂ እንድትጣሉበት አይደለም። ሌላ ሸጋ ድስት እሠራልሃለሁ።»

ሠርታ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ፣ በገለባ ጠቅልላ ራሷ ይዛው መጣች።

የድሮው ድስት ዛሬ ምስር ተሞልቶ ጥግ ተቀምጧል። ባየሁት ቁጥር ይከፋኛል። ዶሮው አሁንም በዘይት ነው፤ አሁንም አይጣፍጠኝም፤ አልዋሽም። በገዛ ቤቴ የአያቶቼ ቃል ከስልክ ማነሱም ያናድደኛል። ልጄ ግን ፈረሰኛውን ከፊቴ ታደርግና ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ ትቆርሳለች። ለዚህ ያበቃችኝ ያቺ ሸክላ ሠሪ ታላቅ እህቴ ናት።