ክላክሷ የጮኸው ሰይቸንቶ

መጋቢት 3 ቀን 2011 ወንድሜ ዑቅባይ ሲሞት፣ ከአሮጌዋ ፊያት ሰይቸንቶ የግራ በሯን ብቻ ቀብቶ ነበር።

ከአራት ቀን በፊት አስመራ፣ መደበር በሚባለው የብረት ገበያ፣ ቀጥቃጮች ምድጃ ሊያደርጓት መዶሻ አነሱባት። እዚያ ክላክሱ የሚጮኽ መኪና አይሰበርም። ዑቅባይ ከባለ ታክሲው ከጎይትኦም የተዋሰውን ትርፍ ባትሪ ተሸክሞ እየሮጠ ደረሰ።

«አያ ዑቅባይ፣ ሬሳ ልትቀሰቅስ ነው?» አለው አንዱ ቀጥቃጭ።

«አንተ መዶሻህን ያዝ፤ እሷው ትመልስልሃለች።»

ሽቦውን አገናኝቶ ክላክሱን ተጫነ። ዝም አለች። የሽቦውን ዝገት በጥርሱ ፋቀና ደገመ። ጩኸቷ ገበያውን አናወጠው፤ ቀጥቃጮቹ መዶሻቸውን ጥለው አጨበጨቡ። ዑቅባይ እንደ ሙሽራ እያስጨፈረ ቤት አስገባት።

በሞተበት ቀን ጠዋት ባትሪውን ውሃ ሞልቶ ለጎይትኦም መለሰለት።